አፈር ስለሚለቃቸው ሙቀት አማቂ ጋዞች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ጋዝ የሚለቀው ጭስ ያለው ነገር ነው፤ አፈር ግን በድን ነው» የሚለው አመለካከት በተማረውም ባልተማረውም ዘንድ ይሰማል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በአፈር ውስጥ የሚኖሩ ለቁጥር የሚያዳግቱ ረቂቅ ተሕዋስያን የወደቀ ቅጠልን፣ የሞተ ሥርንና ፍግን እየበሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተነፍሳሉ፤ ሕይወት ያለው ሥርም እንዲሁ ይተነፍሳል። ይህ የአፈር ትንፋሽ በዓመት ሲደመር የሰው ልጅ ነዳጅና የድንጋይ ከሰል አቃጥሎ ከሚለቀው ካርቦን ወደ ስምንት እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል።

ይህን ቁጥር የሰማ ሰው ወደ ሌላኛው ስህተት እንዳይሻገር መጠንቀቅ አለበት፤ «እንግዲያው ጥፋተኛው አፈር ነው፤ የፋብሪካው ጭስ ምን ያህል ነው?» የሚሉ አሉና። አፈር የሚተነፍሰው ካርቦን ዕፅዋት ከአየር ወስደው በቅጠልና በሥር መልክ የሰጡት ነው፤ ወጪና ገቢው በተመጣጠነ ጊዜ በአየር ላይ የሚጨምረው ነገር የለም። አደጋው ሚዛኑ ሲዛባ ነው። የላይኛው የአንድ ሜትር አፈር ወደ 1,500 ቢሊዮን ቶን የሚጠጋ ካርቦን ይዟል፤ ይህም በከባቢ አየር ካለው ካርቦን እጅግ የላቀ ስለሆነ፣ ከዚህ ክምችት ትንሽ እጅ ብቻ ቢወጣ ለአየሩ ትልቅ ነው። በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ሚዛኑን የሚያዛባው ደን መመንጠሩና ደጋግሞ ማረሱ ብቻ አይደለም። ገለባው ለከብት ሲሰጥ፣ እበቱም ኩበት ሆኖ ምድጃ ሲገባ አፈሩ የሚከፍለው እንጂ የሚቀበለው አያገኝም። ሌላ ማገዶ የሌላት እናት ኩበት አነደደች ብሎ መውቀስ ተገቢ ባይሆንም፣ በየዓመቱ ከማሳው የሚጎድለውን አለመቁጠር ግን ሒሳቡን ያፋልሳል።

ብዙ ሰው ሙቀት አማቂ ጋዝ ሲባል የሚያስበው ካርቦን ዳይኦክሳይድን ብቻ ነው። ከእርሻ መሬት የሚወጣው ይበልጥ አሳሳቢ ጋዝ ግን ናይትረስ ኦክሳይድ ነው። አንድ ኪሎ ግራም ናይትረስ ኦክሳይድ በ100 ዓመት ውስጥ ሲሰላ የ273 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህል ያሞቃል፤ በከባቢ አየር ውስጥም ከመቶ ዓመት በላይ ይቆያል። የሚፈጠረውም በዋናነት በሁለት መንገድ ነው፦ አየር ባለበት አፈር ረቂቅ ተሕዋስያን አሞኒየም የተባለውን የናይትሮጅን ዓይነት ናይትሬት ወደተባለው ሌላ ዓይነት ሲለውጡ፣ እንዲሁም ውሃ አየሩን ሲያስወጣው ሌሎች ተሕዋስያን በኦክስጅን ፋንታ ናይትሬትን ሲተነፍሱ። ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት እነዚህን ሁለት ሂደቶች ካለመለየት ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ «ማዳበሪያ የሚጨምር ገበሬ አየር ይበክላል፤ መፍትሔውም ማዳበሪያን መተው ነው» የሚለው አባባል ነው። ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን ይይዛል። ለአገር አቀፍ የልቀት ስሌት ለረጅም ጊዜ ባገለገለው መነሻ መሠረት የዚህ 1 በመቶ ናይትረስ ኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል ቢባል፣ የጋዙ ክብደት 0.72 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል፤ ይህም ወደ 200 ኪሎ ግራም ከሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር እኩል ያሞቃል። ዩሪያው ራሱ ሲሟሟ የሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ 73 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ይህ ቀላል ቁጥር አይደለም። ነገር ግን 1 በመቶው አማካይ ስሌት እንጂ በየማሳው የሚፈጸም ሕግ አይደለም። በምዕራብ ኬንያ የበቆሎ ማሳዎች ላይ የተደረጉ ልኬቶች፣ ሰብሉ ከሚፈልገው ያልበለጠ ማዳበሪያ በሚጨመርበት መሬት የሚወጣው ከ1 በመቶ በእጅጉ ያነሰ መሆኑን አሳይተዋል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ የተራበ ሰብል ናይትሮጅኑን ከተሕዋስያኑ ቀድሞ ይሻማል። ልቀቱ በፍጥነት ማሻቀብ የሚጀምረው የተጨመረው ሰብሉ ከሚወስደው በላይ ሲሆን ነው።

ስለዚህ ቀድሞ መጠየቅ ያለበት «ማዳበሪያ ተጨመረ ወይስ አልተጨመረም» ሳይሆን «መቼ፣ እንዴትና ምን ያህል ተጨመረ» የሚለው ነው። ሙሉው ዩሪያ በዘር ወቅት ተበትኖ፣ ችግኙ ገና ሥር ሳይሰድ የሐምሌ ዝናብ ከወረደበት ናይትሮጅኑ ለጋዝም ለጎርፍም ይጋለጣል። በአንጻሩ ለሁለት ተከፍሎ፣ ሁለተኛው እጅ በቆሎው ጉልበት ሲደርስ ወይም ስንዴው ግንድ ማውጣት ሲጀምር ተሰጥቶ በአፈር ቢሸፈን፣ ገበሬው ውድ የገዛውን ማዳበሪያ ሰብሉ ይጠቀምበታል፤ የሚያመልጠውም ይቀንሳል። ያለ ማዳበሪያ ምርቱ የወደቀበት ገበሬ የቀረ ግጦሽ ወይም ዳገት ወደ ማረስ ከተገፋ፣ ከአዲሱ እርሻ የሚወጣው ካርቦን በማዳበሪያው ቅነሳ የዳነውን ሊያጠፋው ይችላል።

«ኮምፖስትና ፍግ የተፈጥሮ ስለሆኑ ልቀት የላቸውም» የሚለውም እርማት ይፈልጋል። ተሕዋስያን ናይትሮጅኑ ከከረጢት ይምጣ ከጋጣ አይለዩም። ፍግ የአፈርን ካርቦን በመተካት የሚሰጠው ጥቅም እውነተኛ ቢሆንም፣ እርጥብ ሆኖ ተከምሮ የሚቆይ ፍግ ሚቴን የተባለውን ሌላ ሙቀት አማቂ ጋዝም ናይትረስ ኦክሳይድም ይለቃል።

«በበጋ አፈሩ ሞቷል፤ ልቀት የክረምት ጉዳይ ነው» የሚለው ግን ብዙም የማይነሣ፣ ሆኖም እንደ እኛ ባለ በጋና ክረምት በተለየበት አገር ልብ ሊባል የሚገባው ነው። በኬንያ ይሠራ የነበረው በርች የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1958 ባወጣው ጽሑፍ የደረቀ አፈር እንደገና ሲረጥብ ምን እንደሚሆን መርምሯል፤ ክስተቱም እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ለወራት የደረቀ አፈር የመጀመሪያውን ዝናብ ሲያገኝ፣ በድርቁ የሞቱት ተሕዋስያን ቅሪትና ከአፈር እንክብሎች ውስጥ የተላቀቀው ኦርጋኒክ ቁስ ለተረፉት ምግብ ይሆናል፤ በሰዓታት ውስጥም ትንፋሹ ከበጋው ብዙ እጥፍ ይዘላል። በበጋው የተጠራቀመው ናይትሬትም ያን ጊዜ ከውሃ ጋር ስለሚገናኝ ናይትረስ ኦክሳይድ አብሮ ይወጣል። የበልግ ካፊያ ሲጀምር ከመሬት የሚነሣውን ሽታ የሚያውቅ ሁሉ ይህ መነቃቃት በሚፈጸምበት ሰዓት በስፍራው ነበር። በወር አንድ ጊዜ ብቻ ማሳ ላይ ሣጥን ደፍቶ ጋዝ የሚለካ ጥናትም ይህን ጥቂት ቀናት የሚቆይ ፍንዳታ ሊስተው ስለሚችል፣ ዝቅተኛ የሆነ ቁጥር በተነበበ ጊዜ በየስንት ቀኑ እንደተለካ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ስለ ውሃም ሁለት ተቃራኒ ስህተቶች አሉ፤ አንዱ «አፈር በረጠበ መጠን ናይትረስ ኦክሳይዱ ይጨምራል» ሲል፣ ሌላው «ውሃ የተኛበት መሬት ጋዝ አይለቅም» ይላል። ናይትረስ ኦክሳይድ በብዛት የሚወጣው ከአፈሩ ቀዳዳዎች ከ60 እስከ 80 በመቶ የሚሆኑት ውሃ ሲይዙ ነው። ከዚያ ካለፈ ተሕዋስያኑ ናይትረስ ኦክሳይዱን ራሱን ወደ ተራ ናይትሮጅን ይለውጡታል፤ ውሃው ለሳምንታት ከተኛ ደግሞ ሚቴን የሚሠሩት ተራቸውን ይጀምራሉ። የዋልካ አፈር በክረምት ውሃ ስለሚይዝ በእነዚህ ደረጃዎች መካከል ይመላለሳል፤ በመደብና በቦይ ውሃውን ማጠንፈፍ ምርት ከመጨመሩም ሌላ የትኛው ጋዝ እንደሚወጣ ይለውጣል። በፎገራ ሜዳ እንዳለው ያለ ውሃ የተኛበት የሩዝ ማሳ የሚያሳስበው ሚቴን ነው። ማሳውን በመካከል ማድረቅ በሚቻልበት ቦታ ሚቴኑ በእጅጉ ይቀንሳል፤ ናይትረስ ኦክሳይድ በመጠኑ ቢጨምርም አብዛኛውን ጊዜ ድምሩ ወደ መቀነስ ያዘነብላል። አየር የሚያገኝ የደረቀ የደን ወይም የግጦሽ አፈር በበኩሉ ሚቴንን ከአየር ላይ ይመገባል፤ በዓለም ዙሪያ በዚህ መንገድ የሚወገደው ሚቴን በዓመት 30 ሚሊዮን ቶን ያህል ይገመታል።

አሲዳማ አፈርን በኖራ ስለማከም አንዳንዶች «ኖራው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚለቅ ለአየር ንብረት ጎጂ ነው» ይላሉ። አንድ ቶን የተፈጨ የኖራ ድንጋይ እስከ 440 ኪሎ ግራም ሊለቅ መቻሉ እውነት ነው። ሆኖም ናይትረስ ኦክሳይድን ወደ ተራ ናይትሮጅን የሚለውጠው የተሕዋስያኑ ኢንዛይም (ለውጡን የሚያፋጥን ፕሮቲን) በአሲዳማ አፈር ውስጥ በሚገባ ስለማይሠራ፣ ሂደቱ በመካከል ተቋርጦ ጋዙ ይወጣል፤ ኖራ አሲዱን ሲያበርደው ሂደቱ ወደ መጨረሻው የመድረስ ዕድሉ ይሰፋል። በጎጃምና በወለጋ ዩሪያ ተጨምሮባቸው እንኳ እህል ያልሰጡ አሲዳማ ማሳዎች ያልተጠቀሙበትን ናይትሮጅን ከሒሳቡ ያላስገባ ሰው፣ የኖራውን ወጪ ብቻ ቆጥሯል።

በመጨረሻም «መሬቱ ከተከለለና ዛፍ ከተተከለ አፈሩ ለዘላለም ካርቦን እየጨመረ ይሄዳል» የሚል ተስፋ አለ። የተጎዳ መሬት ሲከለል በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚሰበስበው ካርቦን ብዙ ነው፤ እየዋለ ሲያድር ግን ገቢው ከወጪው ጋር ይተካከልና ጭማሪው ይቆማል፤ በልቀት ስሌት ለዚህ በተለምዶ የሚወሰደው ጊዜ 20 ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የተሰበሰበውን መጠበቅ ነው፤ ክልሉ ፈርሶ መሬቱ እንደገና ከታረሰ በሁለት አሥርት ዓመታት የተጠራቀመው ካርቦን ለመሰብሰብ ከፈጀው ባነሰ ጊዜ ተመልሶ ይወጣል።