«ዋሽንግተን» የተባለው የቤተሰብ ስም ምንድን ነው?

ዲሲ የሚኖር ዘመድ ያለው ሰው ዋሽንግተንን የሚያውቃት በከተማነቷ ነው፤ ስሟም ከጆርጅ ዋሽንግተን እንደተወሰደ አይጠፋውም። የፕሬዚዳንቱ ስም ግን በተራው የመጣው ከሌላ ቦታ ነው። በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ ከሰንደርላንድ በስተ ምዕራብ፣ ዛሬም ዋሽንግተን የምትባል ከተማ አለች።

የቦታው ስም ሲፈታ «የዋሳ ሰፈር» እንደ ማለት ነው። ዋሳ የጥንት ሰው ስም እንደሆነ ይታመናል፤ «ቱን» ደግሞ በጥንቱ እንግሊዝኛ የታጠረ ግቢን፣ ቀጥሎም እርሻንና መንደርን ይገልጽ ነበር። ኒውተንን በመሳሰሉት ስሞች ጫፍ ላይ የምንሰማው «ተን» ይኸው ቃል ነው።

የቦታ ስም የቤተሰብ ስም የሚሆነው በሁለት መንገድ ነው። ተራው ሰው የትውልድ መንደሩን ስም የሚያገኘው መንደሩን ለቆ ሲወጣ ነው፤ ሁሉም የአንድ አገር ልጅ በሆነበት ቦታ «የእገሌ አገር ሰው» ማለት ማንንም ከማንም አይለይምና። ባላባቱ ግን የሚጠራው በያዘው መሬት ነበር፤ መሬቱ ሲለወጥ ስሙም አብሮ ይለወጣል። ዋሽንግተን ከዚህኛው ወገን ነው። በ1183 (ዘመናቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የደርሃም ጳጳስ ግዛት በቆጠራ ሲመዘገብ፣ ዊሊያም ደ ኸርትበርን የተባለ ሰው የኸርትበርንን መንደር ለቆ በለውጡ ዋሽንግተንን እንደያዘ ተጽፏል። ይዞታው እኛ ጉልት ከምንለው ጋር የሚቀራረብ ነበር፤ ዊሊያም 4 ፓውንድ ይገብራል፣ ጳጳሱ ለታላቁ አደን ሲወጡም 4 አዳኝ ውሾች ይዞ ይከተላል። ያን ጊዜ «ደ ዌሲንግተን» ተባለ። «ደ» ማለት «የ» ማለት ነው፤ ከጊዜ በኋላ እርሱም ቀረ።

በእኔ አስተያየት የታሪኩ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ዊሊያም ያንን መሬት ባይለውጥ ኖሮ የአሜሪካ ዋና ከተማ ሌላ ስም በኖራት ነበር። ከዘሩ የሆነው የሱፍ ነጋዴው ሎውረንስ ዋሽንግተን በ1539 የሰልግሬቭን ርስት ገዛ። ከዚሁ ቤተሰብ የተወለደው ጆን በ1650ዎቹ ወደ ቨርጂኒያ ተሻገረ፤ በ1732 የተወለደው ጆርጅ የእርሱ የልጅ ልጅ ልጅ ነው።

በ2000 በተደረገው የአሜሪካ ቆጠራ በዚህ ስም የሚጠሩት ከ163,000 በላይ ሲሆኑ፣ 90 በመቶ ያህሉ ጥቁሮች ነበሩ። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ሁሉም ስሙን ከፕሬዚዳንቱ ባሮች የወረሱት ይመስለዋል፤ ሆኖም ከባርነት የወጡ ሰዎች የቤተሰብ ስማቸውን ራሳቸው የመረጡበት ጊዜ ብዙ ነው። በባርነት የተወለደው፣ በኋላ ታዋቂ የትምህርት ሰው የሆነው ቡከር ቲ. ዋሽንግተን ትምህርት ቤት ሲገባ የነበረው ስም አንድ ብቻ ነበር። መምህሩ ስም እየጠራ ሲመዘግብ የሌሎቹ ልጆች ስም ሁለትና ከዚያም በላይ መሆኑን ቡከር አስተዋለ፤ ተራው ሲደርስ ረጋ ብሎ «ቡከር ዋሽንግተን» አለ። ዋሽንግተን የእንጀራ አባቱ የመጠሪያ ስም ነበር፤ ልጁ ሳያውቀው ልክ እንደ እኛ በአባት ስም ተጠራ።