ግዳይ ምንድን ነው?

ባለፈው መስከረም ጅማ፣ ሰፈራችን ያሉ አንድ አዛውንት ቤት ቡና ልጠጣ ገባሁ። አቦሉ አልፎ ቶናው ላይ ነን። የልጅ ልጃቸው ስልኩን ይዞ እየሮጠ መጣ። ገጠር ያለው አጎቱ በቴሌግራም ፎቶ ልኮለታል። አጎትየው በአንድ እጁ ጦር ይዞ፣ አንድ እግሩን የሞተ ከርከሮ ላይ ጭኖ ይስቃል። ከኋላው የበቆሎ ማሳ አለ። ከማሳው በላይ ደግሞ ጋራ።

«ግዳይ ጣለ!» አለ ልጁ።

አዛውንቱ መነጽራቸውን አደረጉ። ስልኩን ራቅ አድርገው ያዙና ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «ውሻዋስ የታለች?» ብለው ጠየቁ።

ልጁ ፎቶውን በሁለት ጣቱ አሰፋው። ጥግ ላይ ግማሽ ጅራት ይታያል። ሌላ አካሏ አይታይም።

ግዳይ የሚለው ቃል ከ«ገደለ» ነው የመጣው። አዳኙ የጣለው አውሬ ግዳይ ይባላል። በጦርነት ጊዜ ደግሞ የወደቀው ጠላት። በድሮው ልማድ ግን የተገደለ ሁሉ እኩል አይቆጠርም። ስም የሚያስጠሩት ትልልቆቹና አደገኞቹ ነበሩ፤ አንበሳ፣ ዝሆን፣ ጎሽ፣ አውራሪስ። ለነሱ ምልክት አለ። አንበሳ የገደለ ጎፈሩን ራሱ ላይ ያደርጋል። ዝሆን የገደለ ጆሮው ላይ ወርቅ ያንጠለጥላል። ጭራውም ማስረጃ ነው። ጸጉር ላይ ቅቤ ይደረጋል። ሰውየው ገበያ ሲወጣ ማን እንደሆነ አፍ አውጥቶ መናገር አያስፈልገውም። አይቶ የሚያውቅ ያውቃል።

በቃል ሲነገር ደግሞ ፉከራ አለ። «ዘራፍ!» ብሎ የሚጀምረው። በእኛ በጅማ በኩል በኦሮምኛ ጌራርሳ ይባላል፤ ገዳዩ የሄደበትን መንገድና የዋለበትን ውሎ በዜማ የሚያወጣበት። ሰው ክብ ሠርቶ ይሰማል። ያጨበጭባል፣ «በለው!» ይላል።

እንግዲህ «የዛሬ ልጆች ሁሉን ነገር ፌስቡክ ላይ ይለጥፋሉ፣ የድሮ አዳኝ ግን ዝምተኛ ነበር» የሚል ሰው ስሰማ ትንሽ ያስቀኛል። ምኑን ዝም አለ? ቅቤ ተቀብቶ፣ ጎፈር ደፍቶ፣ መንደሩን ሰብስቦ የሚዘፍን ሰው ከዛሬው ቲክቶከር በምን ያንሳል? ግዳይ ድሮም የሚታይ ነገር ነው። ማንም ያላየው ግዳይ ግማሽ ግዳይ ነው።

የተለወጠው ተመልካቹ ነው። ፉከራውን የሚሰማው ሰው ጎሽ ምን እንደሆነ ያውቃል። አብሮ የሄደም እዚያው ቆሟል። ፎካሪው ከልኩ ካለፈ «ኧረ ተው፣ እሱን እንኳ እገሌ ነው የወጋው» የሚል አይጠፋም። ሁሉም እማኝ ነው። ፎቶ ላይ ላይክ የሚያደርገው ሰው ግን በሕይወቱ ከርከሮ አይቶ አያውቅ ይሆናል። የሚሳደበውም እንዲሁ።

አዛውንቱን ያናደዳቸው ሌላ ነገር ነው። ከርከሮ እንዴት እንደሚያዝ ያውቃሉ። በቆሎው እሸት ሲይዝ ገበሬው ማሳው መሃል ማማ ይሠራል። ማታ ማታ እዚያ ላይ ያድራል። ጉም ነው፣ ዝናብ ነው፣ ብርድ ነው። ቆርቆሮ ይደበደባል፣ ይጮኻል፣ ወንጭፍ ይወነጨፋል። ቀን ደግሞ ዝንጀሮና ጦጣ ተራቸውን ይመጣሉ። አንድ ቀን እንቅልፍ ከጣለህ፣ የከርከሮ መንጋ የአንድ ወር ቀለብህን በአንድ ሌሊት ገልብጦት ያድራል። ሽታውን ቀድማ የምታገኘው ውሻዋ ናት። አስጨንቃ የምታቆመውም እሷ። ሰውየው ጦሩን ይዞ የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው።

«ይሄ ፎቶ መጨረሻዋን ብቻ ነው ያሳየው» አሉ። «ሌሊቱ የለም።»

ጌራርሳ ላይ ቢሆን ሌሊቱም ይነሳ ነበር። ውሻዋም በስሟ ትጠራ ነበር።

በሌላው ዓለም ያሉ አዳኞችም የግዳይ ፎቶ በመለጠፍ ጉዳይ አንድ አይደሉም። «አደኑ ሕጋዊ ነው፣ ሥጋውን እበላለሁ፣ ምን አሳፈረኝ?» ብለው የሚለጥፉ አሉ። «አደን የማያውቅ ሰው ፊት ደም መዘርጋት ራሳችንን ማስጠላት ነው» የሚሉም አሉ። መሃል ላይ ያሉት ደግሞ ሥርዓት ያወጣሉ። ደሙን ጥረግ። የወጣ ምላሱን መልስ። አውሬው ላይ አትቀመጥ፣ እግርህንም አትጫን። ጀርመኖች ከዚህ ሁሉ በፊት የራሳቸው ደንብ ነበራቸው። አዳኙ ከጣለው አጋዘን አፍ ውስጥ አንዲት ቅርንጫፍ ያደርጋል። ስሟን ወደ አማርኛ ብንመልሰው «የመጨረሻ ጉርሻ» ማለት ነው። ለሞተ እንስሳ ጉርሻ! እኔ በጣም ወድጄዋለሁ።

ፎቶ ምን ሊያመጣ እንደሚችል ዓለም በደንብ ያየው በ2015 እ.ኤ.አ. ነው። ዚምባብዌ ውስጥ ሴሲል የሚባል አንበሳ ተገደለ። አንገቱ ላይ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሰሩለት መከታተያ ነበረ። የገደለው አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም ነው። ዓለም በቁጣ ተነሳበት፣ ክሊኒኩን ዘግቶ ሰነበተ። የሚገርመው፣ በየስልኩ ሲዞሩ የነበሩት ፎቶዎች ውስጥ ሰውየው ቀደም ብሎ ሌሎች አውሬዎችን ገድሎ የተነሳቸው ነበሩ። ያን ጊዜ ሲነሳቸው ማንም ምንም አላለውም ይሆናል። ፉከራ ሲያልቅ ሰው ወደ ቤቱ ይበተናል። ፎቶ ግን የሆነ ቦታ ተኝቶ ይጠብቃል።

ሌላው ጣጣ ቦታው ነው። አሁን ስልክ ፎቶ ሲያነሳ፣ ሎኬሽን ከተከፈተ፣ የቆምክበትን ቦታ በቁጥር ፎቶው ውስጥ ይጽፈዋል። ይሄ ጂኦታግ ይባላል። ለዓይን አይታይም። ፌስቡክና ኢንስታግራም ፎቶው ሲለጠፍ ይህን ከሌሎች ዓይን ያነሱታል። ቴሌግራም ላይም እንደ ተራ ፎቶ ስትልከው ቁጥሩ ይወድቃል። ግን እኛ ምን እንላለን? «ጥራቱ እንዳይቀንስ በፋይል ላክልኝ!» በፋይል ሲላክ ቁጥሩም አብሮ ይሄዳል። የተቀበለው ሰው ካርታ ላይ ያስቀምጠዋል፣ አለቀ።

ጅማ አጠገብ ቦዬ ረግረግ ያሉት ጉማሬዎች ቢሆኑ ችግር የለውም፤ የት እንዳሉ የጅማ ሰው ሁሉ ያውቃል። ከጅማ ወደ ደቡብ፣ ዳውሮና ኮንታ ውስጥ ያለው ጨበራ ጩርጩራ ፓርክ ግን ዝሆን አለው። ዝሆኑ የቆመበትን ቦታ ማን እንደሚፈልገው አታውቅም። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ጎብኚ የአውራሪስ ፎቶ ሲያነሳ ጂኦታጉን እንዲያጠፋ የሚያስጠነቅቅ ምልክት የተተከለው በዚሁ ምክንያት ነው። ቀንድ የሚፈልገውም ሰው ስልክ አለው።

የድሮ ሰዎች ይህን ለይተው ያውቁት ነበር። ጅማ፣ ሂርማታ የሚባለው የድሮው ትልቅ ገበያዋ በነበረበት ዘመን፣ የዝሆን ጥርስና ለሽቶ የሚሆነው ዝባድ የሚወጣባት አገር ነበረች። ዝባዱ የሚገኘው ጥሪኝ ከምትባለው የዱር እንስሳ ነው። ጥሪኝ የምትጸዳዳበትን ቦታ አትቀያይርም፣ እየተመለሰች እዚያው ናት። ያቺን ቦታ ያገኘ ሰው ጥሪኟን አገኘ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ነገር ማን ለማን ይነግራል? የገደሉትን መፎከር ሌላ፣ በሕይወት ያለው የት እንዳለ መናገር ሌላ።

ሕጉንም ልንካው። እዚህ አገር የዱር እንስሳ ለማደን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 541 ይህንኑ ደንግጓል። አንዳንዱ ሰው ፎቶውን ለጥፎ ሲያበቃ ነው ይሄ ትዝ የሚለው። በፉከራ ዘመን እማኝ የሚጠራው ለክብር ነበር። ፎቶ ግን የሚመሰክረው ላንተ ይሁን በአንተ ላይ፣ እሱ ግድ የለውም።

ወደ ቡናችን ልመለስ። በረካው ቀርቦ ልጁ አሁንም ስልኩ ላይ ነው። ለጓደኞቹ ግሩፕ ሊልከው ይፈልጋል። አያቱን በዓይኑ ለመናቸው።

«ጋራውን ቁረጠው» አሉት።

«የትኛውን ጋራ?»

«ከኋላው ያለውን ነዋ! ያን ጋራ ያየ ሰው የማን ማሳ እንደሆነ ያውቃል። የቀሩት ከርከሮዎች በየት እንደሚመጡም ያውቃል።»

ልጁ በጣቱ ጋራውን ከላይ ቆረጠው። በቆሎውም ግማሹ ሄደ። ትንሽ አሰበና ጎኑንም ሊቆርጥ ጣቱን ጥጉ ላይ አሳረፈ። አዛውንቱ እጁን ያዙት።

«እሷን ተዋት።»

ፎቶው እንዲያው ተላከ። ሰውየው፣ ከርከሮውና ግማሽ ጅራት።