ቱቦውን የሰበረው በረዶው አይደለም

"በረዶ ነው አይደል የሰበረው?"

ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ቆጥሬ አልጨርሰውም። ጠያቂው ግቢው ውስጥ ቆሞ አንገቱን ወደ ላይ አንጋጧል፣ እኔ ጣሪያው ላይ የመስታወት ስብርባሪ በጆንያ እየለቀምኩ ነው። በረዶ ካልጣለ ደግሞ መልሱ የታወቀ ነው፦ "የቻይና ዕቃ እኮ!"

ሥራዬ አዲስ አበባ ውስጥ ባለ መስታወት ቱቦ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ መትከል ነው። ማሞቂያው ሲበላሽ ሰው መጀመሪያ የሚከሰው ሰማዩን ነው፤ ፀሐይ አነሰ፣ ብርድ በዛ፣ በረዶ ጣለ። እኔ ግን መሰላል ተሸክሜ ከሄድኩባቸው ቤቶች በአብዛኛው ያገኘሁት ጥፋት የውሃው ነው። ወደዚያ ከመግባቴ በፊት ትንንሾቹን ላራግፋቸው።

"ሶላር ካስገባሁ መብራትም አገኛለሁ።" አያገኙም። ይሄኛው ውሃ ያሞቃል፣ በቃ።

"አዲስ አበባ ብርድ ስለሆነች አይሠራም።" ብርድ ሌላ፣ ፀሐይ ማጣት ሌላ። የመስታወቱ ቱቦ ድርብ ነው፤ በሁለቱ መስታወቶች መሃል ያለው አየር ተመጦ ወጥቷል። ቤታችሁ ያለው የሻይ ፔርሙዝ ማለት ነው። የውጭው ብርድ ውስጥ አይደርስም። እንዲያውም ማሞቂያው የሚዘንጠው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፤ ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል፣ ቀኑ ግን ጥርት ያለ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ውሃው እጅ ያቃጥላል። የሚያስቸግረው የሐምሌና የነሐሴ ደመና ነው። ለዚያ ታንከሩ ውስጥ በመብራት የሚሠራ ሬዚስታንስ አለላችሁ።

"ፀሐይ በምሥራቅ ስለምትወጣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርግልኝ።" ወደ ደቡብ ነው የሚዞረው። ከተማችን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት፤ በበጋ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ሰኔ ላይ ወደ ሰሜን ትሻገራለች፣ ግን ያኔ ደመናው ስለሚሸፍናት ለበጋው ማድላት ይሻላል። በነገራችን ላይ ከዕቃው ጋር የሚመጣው ቀጥ ያለ ማቆሚያ ብዙ ጊዜ ለሌላ አገር ፀሐይ የተሠራ ነው። ዝቅ ያለውን ጠይቁ።

"ትልቁን ስጠኝ፣ ይበቃኛል።" 150 ሊትር ውሃን ከ18 ወደ 50 ዲግሪ ለማድረስ 5.6 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሙቀት ይጠይቃል። በዚያው የቱቦ ብዛት ታንከሩን እጥፍ ብታደርጉት የምታገኙት ሁለት እጥፍ ለብ ያለ ውሃ ነው። ደግሞም ባለ 200 ሊትሩ ሲሞላ ከነቱቦውና ከነብረቱ ከ300 ኪሎ ይበልጣል፤ የባሕር ዛፍ እንጨት ላይ በተመታ ቆርቆሮ ዝም ብሎ አይጫንም።

"ቧንቧውን ስከፍት ቀዝቃዛ ነው የሚመጣው፣ ተበላሽቷል።" ባለ 25 ሚሊ ሜትር ፒፒአር (የፕላስቲክ ቧንቧው) ጣሪያው ላይ ተነስቶ ምድር ቤት ኩሽና እስኪደርስ 20 ሜትር ከሄደ፣ በሆዱ ከ4 ሊትር በላይ ይይዛል። መጀመሪያ የሚወርደው ያ የቀዘቀዘው ነው። ባልዲ ደቅኑበት፣ አትድፉት።

"ግፊቱ ደካማ ስለሆነ ፓምፕ አገናኝበት።" ይሄኛው ያናድደኛል። እነዚህ ርካሾቹ ማሞቂያዎች ግፊት እንዲችሉ አልተሠሩም፤ ውሃ የሚገባባቸው ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ሮቶ በራሱ ክብደት እየወረደ ነው። አናታቸው ላይ ያለችው ቀጭን የአየር መውጫም ለዚሁ ናት። አንድ ደንበኛዬ ከዚያች ቱቦ እንፋሎት ሲወጣ አይቶ "ሙቀቴ እየባከነ ነው" ብሎ በጨርቅ ወተፋት። ከዚያ ራሱ ፓምፕ አገናኘ። ስደርስ ታንከሩ እንደ ድፎ ዳቦ ተነፍቶ፣ ስፌቱ ተከፍቶ ጠበቀኝ። "ዋስትና አለው አይደል?" ሲለኝ ምን ልበለው?

አሁን ወደ ቱቦው።

እነዚህ ቱቦዎች ስስ አምፖል አይደሉም። መስታወታቸው ቦሮሲሊኬት የሚባለው ጠንካራው ዓይነት ነው፣ ክብ መሆናቸውም በረዶው እየተንሸራተተ እንዲያልፍ ይረዳል። እርግጥ እንደ እንቁላል የሚያክል በረዶ ከወረደ ምንም ነገር ይሰብራል። ግን እስቲ ጎረቤታችሁን እዩ፦ የፕላስቲክ ሸራው አልተቀደደ፣ የመኪናው መስታወት አልተነካ፣ የእናንተ አምስት ቱቦ ብቻ ተመርጦ ተመታ? በረዶ እንዲህ ዓይነት ቂም የለውም።

የሚሆነው ይህ ነው። ሠፈሩ በፈረቃ ነው፤ ማክሰኞ ውሃ ሄደ እንበል። ሐሙስ ሮቶው ተንጠፈጠፈ። ቀዝቃዛው ቧንቧ ሲደርቅ አንዷ የሙቁን ትከፍተዋለች፣ ይወርዳል! "ተመስገን" ተብሎ ልብስ ይታጠብበታል፣ ዕቃ ይታጠብበታል፣ ጄሪካን ይሞላበታል። ጣሪያው ላይ ያለው የማሞቂያ ታንከር እንዲህ ባዶውን ይቀራል።

ቱቦዎቹ ከታንከሩ በታች ስለተንጠለጠሉ በውስጣቸው የቀረው ውሃ አይወርድም፤ በእያንዳንዳቸው ውስጥ 3 ሊትር ገደማ ይቀራል። ዓርብ ፀሐይ ትወጣለች። የሚተካ ቀዝቃዛ ውሃ ስለሌለ ያው ውሃ እየጋለ ይሄዳል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 አካባቢ ላይ ይፈላል። በእንፋሎት እየወጣ ሲጎድል የቱቦው የላይኛው ክፍል ራቁቱን ይቀራል፣ እሳት ላይ ተረስቶ እንደቆየ ምጣድ ይግላል። ጨርሶ የደረቀ ቱቦ በጥሩ ፀሐይ ከ200 ዲግሪ በላይ ይደርሳል።

ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ውሃ መጣ። ሠፈሩ ሁሉ እልል። ሮቶው ይሞላል፣ ከሮቶው ያ ቀዝቃዛ ውሃ ወደ ማሞቂያው ይወርዳል፣ በጋለው መስታወት ላይ ይፈሳል።

ጧ! ከዚያ ደግሞ ጧ! ጧ!

እሳት ላይ የጋለ ብርጭቆ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ የጨመረ ሰው ይህን አያጣውም። ለአራት ቀን የተጠበቀው ውሃም በተሰበረው ቱቦ በኩል በቆርቆሮው ላይ እየተንፏቀቀ ወደ አሸንዳው ይወርዳል። ለቡ አንድ ቤት ስደርስ እትዬ ባልዲና ሳፋ አሸንዳው ሥር ደርድረው እየጠለቁ ነበር። ሰማዩ ላይ አንዲት ደመና የለችም። "ማታ በረዶ ጥሎ ይሆናል" አሉኝ። ወጥቼ ሳይ አራት ቱቦ ሄዷል፤ አራቱም የተሰነጠቁት አንገታቸው ጋ፣ ታንከሩ ውስጥ ከሚገቡበት ጎማ ዝቅ ብሎ። በረዶ ቢሆን ፊት ለፊት የተገለጠውን ሆዳቸውን ነበር የሚያገኘው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ወደ ማሞቂያው በሚገባው ቀዝቃዛ መስመር ላይ የራሱ ቫልቭ ይኑረው፣ እጅ በሚደርስበት ቦታ። ሮቶው ማለቁን ስታውቁ ዝጉት። ውሃ ሲመጣ ቶሎ አትክፈቱ፤ ሌሊቱን ይቀዝቅዝና ሌሊት 11 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ሳትወጣ ክፈቱት። ፀሐይ ከገባች በኋላ ወዲያው መክፈትም አላምንበትም፤ ፔርሙዝ ነው አልኳችሁ፣ ሙቀቱን ለሰዓታት ይይዛል። ጉዞ የምትሄዱ ከሆነ ቱቦዎቹን በሸራ ሸፍኑ።

ከሁሉም የሚሻለው ግን ገና ሲተከል የሚሠራው ነው። ከሮቶው ላይ ለቤቱ የሚወርደውን ቀዝቃዛ መስመር ከሮቶው ወለል 30 ወይም 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ አስበሱት፣ የማሞቂያውን መስመር ከታች። ያኔ የቤቱ ቧንቧ ቀድሞ ይደርቃል፤ ከታች የቀረው ለማሞቂያው ነው። ሙቁንም መክፈት እንድታቆሙ ማስጠንቀቂያችሁ እሱ ነው። ይህን ስነግር "ሁለት ቦታ መብሳት ለምን አስፈለገ? ገንዘብ ለመጨመር ነው" የሚሉኝ አሉ። የአንድ ተጨማሪ ቀዳዳ ዋጋ ከአንድ ቱቦ ጋር አይወዳደርም፣ እነሱ ግን ቱቦውን መግዛት ይመርጣሉ።

የቀሩትን ቱቦዎች ጤንነት ለማየት እኔን መጥራት አያስፈልግም። የታችኛውን ጫፋቸውን ካባውን አውልቃችሁ እዩት፤ እንደ ብር የሚያብረቀርቅ ከሆነ ደህና ነው። ነጭ፣ ኖራ የመሰለ ከሆነ አየር ገብቶበታል፤ ባይፈስም ሌሊት ሙቀቱን ያፈሳል፣ ለውጡት። የጉድጓድ ውሃ የምትጠቀሙ ደግሞ ቱቦው ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ድንጋይ አስጠርጉ፣ ታንከሩ ውስጥ ያለችውን የማግኒዥየም ዘንግም አስለውጡ። ዝገቱ እሷን እየበላ ነው ታንከሩን የሚተወው።

ትናንት አራት ሰዓት ላይ የለቡዋ እትዬ ደወሉ። "ውሃ መጥቷል፣ ልክፈተው?"

"ሮቶው መቼ ነው ያለቀው?"

"ከትናንት ወዲያ።"

"እንዳይከፍቱት! ሌሊት 11 ሰዓት።"

"ልጄ፣ እኔ በዚያ ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ነኝ።"

"ከቤት ሲወጡ ይክፈቱት።"