የንብረት፣ የአካባቢና የሰብዓዊ መብት ሕግ ጥናት በኢትዮጵያ፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

የሕግ ትምህርት ቤቶች የንብረት ሕግን፣ የአካባቢ ሕግንና የሰብዓዊ መብት ሕግን በሦስት ኮርስ ለያይተው ያስተምራሉ። እኛ አገር የተጻፈውን ገለጥ ገለጥ ሲያደርጉት ግን ሦስቱም ዞረው ዞረው መሬት ላይ ይገናኛሉ። ካሳው ያነሰበት አርሶ አደር፣ ወንዙ የተበከለበት ከብት አርቢ፣ ቤቱ የፈረሰበት የከተማ ነዋሪ፣ የሁሉም ጥያቄ የሚጀምረው ከመሬት ነው። ይህ ዳሰሳ የተዘጋጀው ስለዚህ የጥናት ዘርፍ በአማርኛ ተሰብስቦ የተጻፈ ነገር በቀላሉ ስለማይገኝ ነው። የተንተራሰው በነጋሪት ጋዜጣ፣ በሕግ መጽሔቶችና የሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔዎች ታትመው በሚወጡባቸው የሰበር ቅጾች ላይ ነው።

ከፋኩልቲው በፊት

ከዘመናዊው የሕግ ትምህርት በፊት ሕግ መተርጎም የፍትሐ ነገሥት ሊቃውንት ሥራ ነበር። የመሬት ሥሪትን ማወቅ የፈለገ ሰው ደግሞ ዛሬም ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ዝክረ ነገር» ሳያገላብጥ አያልፍም። መጽሐፉ የሕግ ትንታኔ አይደለም። ግን ርስትና ጉልት በተግባር ምን እንደነበሩ ከነግብራቸው ያሳያል።

የስድስት ኪሎ ዘመን

በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ወጣ። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ናቸው። አንቀጽ 3347 ሕጉ በሚሸፍናቸው ጉዳዮች ላይ የነበረውን የልማድ ሕግ ጠራርጎ ሻረው። የሚገርመው ግን ይኸው ሕግ ከአንቀጽ 1489 ጀምሮ መንደር ወይም ጎሳ በጋራ ለያዘው መሬት ቦታ ይሰጣል። ሕግ አውጪው ልማድን ሙሉ በሙሉ ማባረር እንዳልሆነለት እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል።

አንድ ሌላ አንቀጽ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። አንቀጽ 1225 ባለሀብት፣ ማለትም የንብረት ባለቤት፣ በንብረቱ ሲገለገል ጎረቤቱን እንዳይጎዳ ይከለክላል። ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ጩኸትና ንዝረት ከመልካም ጉርብትና ልክ ማለፍ የለባቸውም ይላል። ይህ የተጻፈው የ1995ቱ የአካባቢ ሕግ አዋጆች ከመውጣታቸው ከ40 ዓመት በላይ ቀድሞ ነው። በእኔ እምነት የአካባቢ ሕጋችን ሥር ያለው እዚህ አንቀጽ ውስጥ ነው። የሚያነሱት ጸሐፊዎች ግን ከሚገባው በታች ናቸው።

በ1956 ዓ.ም. ስድስት ኪሎ በሚገኘው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ የሕግ ፋኩልቲ ተከፈተ። የመጀመሪያው ዲን አሜሪካዊው ጄምስ ፖል ነበሩ። ብዙም ሳይቆይ፣ እ.ኤ.አ. በ1964፣ የኢትዮጵያ ሕግ መጽሔት መታተም ጀመረ። ያ መጽሔት ለአገሪቱ የሕግ ዕውቀት ያደረገውን ውለታ ቆጥሮ መጨረስ ያስቸግራል። የፍርድ ቤት ውሳኔዎችን አሰባስቦ አወጣ፤ ገና ትኩስ የነበረውን ሕግ አንቀጽ በአንቀጽ አብራራ። ይህንንም በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን አደረገው። በፖላንድ ተወላጁ በጆርጅ ክርዜቹኖቪች የተጻፉት የፍትሐ ብሔር ሕግ ማብራሪያዎች ዛሬም በተማሪዎች እጅ ናቸው። ፍትሐ ነገሥትም በአባ ጳውሎስ ፃድዋ ተተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1968 በፋኩልቲው አማካይነት በእንግሊዝኛ ታተመ። ጥቂት መምህራንና እፍኝ የማይሞሉ ተማሪዎች ይህን ሁሉ የሠሩት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው።

የመጽሔቱ ገጾች ስለ ባለሀብትነት ሲያብራሩ፣ የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ። ሕጉ ባለርስቱን በደንብ ያውቀዋል። ጭሰኛው ግን በሕጉ ውስጥ የነበረው ቦታ ጠባብ ነበር።

ደርግ

አዋጅ ቁጥር 31/1967 የገጠር መሬትን የሕዝብ የጋራ ሀብት አደረገ፤ ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ መስጠትንም ከለከለ። አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን ወረሰ። የሕግ ጥናቱ በዚህ ዘመን ተቀዛቀዘ።

ከ1987 ሕገ መንግሥት ወዲህ

አብዛኛው ዛሬ የምናነበው ጥናት የበቀለው በሁለት አንቀጾች ዙሪያ ነው። አንቀጽ 40(3) «መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ የኢትዮጵያ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች የጋራ ንብረት ነው» ይላል። አንቀጽ 44(1) ደግሞ «ሁሉም ሰዎች ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አላቸው» ይላል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ይህንኑ መብት በውሳኔ ያወቀው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2022 ነው። የእኛ ሕገ መንግሥት በ27 ዓመት ይቀድማል። ኩራት ነው። ኢትዮጵያ በዚያ ድምፅ አሰጣጥ ላይ ድምፀ ተአቅቦ ማድረጓም መነገር አለበት።

በመሬት ባለቤትነት ላይ ያለው ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም። አንዱ ወገን መሬት ከገበያ ውጭ መሆኑ ገበሬውን ከመፈናቀል አድኖታል ይላል። ሌላው ወገን ዋስትና የሚመጣው በግል ባለቤትነት ብቻ ነው ባይ ነው። በመሃል ደግሞ ሦስተኛ አካሄድ አለ፦ የባለቤትነቱን ጥያቄ ወደ ጎን ትቶ የይዞታ መብትን፣ ማለትም መሬቱን ይዞ የመጠቀም መብትን፣ ማጠናከር። የመጽሔቶቹ አዝማሚያ ወደዚህ ሦስተኛው የሚያደላ ይመስላል፤ ትክክለኛ አካሄድም ነው። ገበሬው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩን በላስቲክ ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ የሚያስቀምጠው መብቱን በዚያ ወረቀት ስለሚያስከብር ነው። በዚህ መስክ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሙራዱ አብዶ፣ ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የዳንኤል አምባዬ ሥራዎች ሳይነበቡ የሚታለፉ አይደሉም።

የካሳ ጉዳይ ጥናትና ሕግ ፊት ለፊት የተገናኙበት ቦታ ነው። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 መሠረት የገጠር ይዞታውን ለዘለቄታው የለቀቀ ሰው የመፈናቀያ ካሳ ይታሰብለት የነበረው ባለፉት 5 ዓመታት ባገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ ሲሆን እሱም በ10 ይባዛ ነበር። አማካይ ገቢው 20,000 ብር ቢሆን 200,000 ብር ይደርሰው ነበር። መሬቱ ራሱ የሕዝብ ነው ተብሎ ዋጋ አይወጣለትም። ተመራማሪዎች ይህን አጥብቀው ተቹ። 10 ዓመት ካለፈ በኋላ ተነሺው በምን ይኖራል? ልጆቹስ? በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ስሌቱን ወደ 15 እጥፍ አሳደገው። መነሻውም ባለፉት 3 ዓመታት ከተገኘው ገቢ ከፍተኛው ሆነ። የዚያው ሰው ጥሩ ዓመት 30,000 ብር ያስገኘ ከሆነ ካሳው 450,000 ብር ይሆናል ማለት ነው። ለውጡን ያመጣው ጥናቱ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ድርሻ አልነበረውም ማለት ግን ፈጽሞ ስህተት ነው።

አካባቢ

በ1995 ዓ.ም. ሦስት አዋጆች ተከታትለው ወጡ፦ ስለ አካባቢ ጥበቃ ተቋማት 295፣ ስለ አካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ 299፣ ስለ ብክለት ቁጥጥር 300። ተመራማሪዎች በብዛት የሚመላለሱበት የአዋጅ 300 አንቀጽ 11 ነው። ማንኛውም ሰው፣ ራሱ ባይጎዳም፣ በካይ ነው በሚለው ላይ ለሚመለከተው የአካባቢ ባለሥልጣን አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ወይም ውሳኔው ካላረካው በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት ይሄዳል። «አንተ ምን አገባህ?» የሚለውን ጥያቄ ሕጉ ዘግቶታል ማለት ነው።

በሩ ሰፊ ቢሆንም የሚገባበት ጥቂት ነው። አፓፕ የተባለው የባለሙያዎች ማኅበር የአቃቂና የሞጆ ወንዞች መበከልን ይዞ የፌዴራሉን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ከሰሰ፤ የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ክሱን አልተቀበለውም። መከሰስ ያለበት በካዩ ነው ወይስ ዝም ያለው ተቆጣጣሪም ጭምር? ጸሐፊዎቹ እዚህ ላይ አይስማሙም። በ2001 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶችን ከመብት ሥራ አገደ። ገደቡ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 እስኪነሳ ድረስ እንዲህ ያለ ክስ ሊያቀርቡ ይችሉ የነበሩት ድርጅቶች እጃቸው ታስሮ ቆየ።

መጽሔቶችና ሰበር

እ.ኤ.አ. በ2007 በዛሬው ቅድስት ማርያም ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ሚዛን የሕግ መጽሔት ሳይቋረጥ በመውጣቱ ዘርፉን ብዙ ጠቅሟል። ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ሐረማያና ሐዋሳም የየራሳቸው መጽሔት አላቸው።

ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ወዲህ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። ይህ ለተመራማሪው አዲስ ሥራ ፈጠረለት። ብዙ ቀለም የፈሰሰበት የመዝገብ ቁጥር 21448 ውሳኔ ነው። ችሎቱ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ ውል በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት ካልተደረገ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 መሠረት አይጸናም አለ። ከፍሎ፣ ቤት ተረክቦ ለዓመታት የኖረ ገዢ ሁሉ ደነገጠ። በመጽሔቶቹ ላይ የተነሳው ትችት ጠንካራ ነበር።

አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። የሰበር ቅጾቹ በአማርኛ ናቸው። የሚተቿቸው ጽሑፎች በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ናቸው። የወረዳ ዳኛው ጠረጴዛ ላይ የሰበር ቅጹ አለ፤ ውሳኔው ለምን እንደተተቸ የሚያስረዳው መጽሔት ግን የለም። የ1956ቱ ፋኩልቲ በሁለት ቋንቋ ጎን ለጎን ያሳትም ነበር። በአዲሱ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324/2016 ላይ የሚጻፉት ማብራሪያዎች በአማርኛም ሆነ በሌሎቹ የፍርድ ቤት ቋንቋዎች ቢወጡ መጀመሪያ የሚያነቧቸው እነዚያው የወረዳ ዳኞች ናቸው።