ሐኪም ጋራ፦ ክረምት ሲወጣ የሚከፈተው የሐረር ተራራ

ሐኪም ጋራ ከሐረር ከተማ በስተደቡብ የቆመ ተራራ ነው። ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ከተማዋ ራሷ 1885 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች ግን ከታች ሲያዩት ያን ያህል አያስፈራም። የሰሜን ተራሮችን እያየ ላደገ ሰው «ተራራችን ይኸውና» ብትለው ይስቅብሃል። ይሳቅ። ሐረር ውስጥ «ጋራው» ከተባለ የትኛው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ስሙ እንግዳ ያሳስታል። አዲስ የመጣ ሰው ሐኪም ሲባል ሆስፒታል ነገር ይመስለዋል። ጋራው የተሰየመው እዚያው መቃብራቸው በሚዘየረው በአው ሐኪም ነው። «አው» በሐረሪ ቋንቋ አባት ማለት ሲሆን ለወሊዮችም፣ ለሙስሊም ቅዱሳን ሰዎች ማለት ነው፣ መጠሪያ ነው። «ሐኪም» ከዓረብኛ የመጣ ነው። «ጋራ» ደግሞ ኦሮምኛም ነው፣ አማርኛም ነው። እንግዲህ ሁለት ቃል ውስጥ ሦስት ቋንቋ አለ፤ ሐረርን በአጭሩ አስረዳኝ ለሚል ሰው እኔ ይህንን ነው የምነግረው። ስሙ ከጋራውም አልፎ ሄዷል። ከሐረሪ ክልል ዘጠኝ ወረዳዎች አንዱ ሐኪም ይባላል።

ጋራው ወቅት አለው። በር የለውም፣ ትኬት የለውም፣ የሚከፍተውም ሰው የለም፤ ግን ይዘጋል፣ ይከፈታል። ከሐምሌ እስከ መስከረም ዋናው ዝናብ ሲወርድ ደመናው አናቱ ላይ ይተኛል፣ መንገዱ ጭቃ ይሆናል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው የበልግ ዝናብም አልፎ አልፎ ይዘጋዋል። ዋናው መክፈቻ ግን ጥቅምት ነው። ጭቃው ይደርቃል፣ አቧራው ገና አልተነሳም፣ ሳሩ አረንጓዴ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ይበልጥ ይጠራል፤ ጋራው ግን ቀስ በቀስ ይገረጣል። ለእኔ ምርጡ ጊዜ ያ የጥቅምት የመጀመሪያው ሁለት ሦስት ሳምንት ነው።

ውጭ አገር የሚኖር ዘመድ አለኝ፤ በበረዶ ላይ መንሸራተት፣ ስኪ የሚሉትን ነገር፣ ለምዷል። ከሰፈሩ አጠገብ አንዲት ትንሽ ተራራ አለች። በረዶው እንደጀመረ የምትከፈተው አንዷ መንገድ ብቻ ናት አለኝ። እሷም ብትሆን ሌሊት ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ሲወርድ ውኃ እየረጨ በረዶ በሚሠራ ማሽን ነው የምትሸፈነው። በረዶው ስስ ስለሆነ ድንጋዩ ከሥር ብቅ ይላል፣ ሰው ስኪውን እየፋቀ ይወርዳል። ታዲያ ለምን ትሄዳለህ አልኩት። «የመጀመሪያው ቀን ነዋ!» አለኝ። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። (ኢትዮጵያም በዚህ ስፖርት ባዶ አይደለችም። ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ ለአገራችን የመጀመሪያው የክረምት ኦሊምፒክ ተወዳዳሪ ሆኗል። አዲስ አበባ ላይ የሚለማመደው ጎማ በተገጠመለት ስኪ አስፋልት ላይ ነበር።)

የእኛ ስስ በረዶ ጭቃው ነው። አንድ ዓመት ላይ ጥቅምትን መጠበቅ አቅቶኝ በመስከረም ሦስተኛ ሳምንት ወጣሁ። ዋዜማውን ዘንቦ ነበር። ባጃጁ ዳገቱ ሥር ሲደርስ ቆመና ሹፌሩ ዘወር ብሎ ጫማዬን አየ። «አቦ በዚህ ጫማ ነው የምትወጣው?» አለኝ። ሐረር አንቱታ አያበዛም፤ ምክርም አይሸፋፍንም። ግማሽ መንገድ ሳልደርስ የቀኝ ጫማዬ ሶል አፉን ከፈተ። በፌስታል አስሬ ቀጠልኩ። ከላይ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሁለት እናቶች «አካም ቡልቴ» አሉኝ። ከዚያ እግሬን አዩና መሳቃቸውን ለመደበቅ እንኳ አልሞከሩም። እነሱ በቀላል የላስቲክ ጫማ፣ ያን ሁሉ ሸክም ይዘው፣ አንዴም ሳይንሸራተቱ አለፉኝ።

መውጫው አንድ ብቻ አይደለም። ቀጭን የእግር መንገዶች በማሳዎች መሀል ይሄዳሉ፣ ባሕር ዛፍ ውስጥ ይገባሉ፣ እንደገና ይገናኛሉ። ሰዓት አልለካም፤ ቁርስ በልቶ የተነሳ ሰው ሳይጣደፍ ለምሳ ይመለሳል። ግራና ቀኙ የገበሬ ማሳ ነው። ጫቱ በድንጋይ ካብ ተደግፎ በረድፍ ይቆማል። ጥቅምት ላይ ማሽላው ከሰው ቁመት ያልፋል፣ ራሱን መድፋት ይጀምራል። መንገዱ ማሽላ ውስጥ ሲገባ ከፊትህ የሚሄደው ሰው ይጠፋብሃል፤ የምትሰማው ቅጠሉ ሲንሿሿ ብቻ ነው። ጥንቅሽ የሚያቀምስህ ካገኘህ እምቢ አትበል። ልጣጩን በጥርስ መግፈፍ ነው፣ ከዚያ መምጠጥ። ማሳው የሰው እንጀራ ስለሆነ ግን ሳይጠይቁ መቁረጥ ነውር ነው።

ከላይ ሰዉ የሚወጣው ሐረርን ለማየት ነው። ከተማ ውስጥ ሆነህ ሐረርን አታያትም። ጁገል፣ ማለትም በግንብ የተከበበው አሮጌው ከተማ፣ ውስጥ የሚታየው ግድግዳ፣ በር፣ መታጠፊያ፣ ከዚያ ሌላ ግድግዳ ነው። ከጋራው ላይ ግን ሁሉም አንድ ላይ ይመጣል። 48 ሄክታር የሚሆነው አሮጌው ከተማ እንደ ተሞላ ሰፌድ ተዘርግቶ ይታያል። ግንቡ በአብዛኛው ከ13ኛው እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ሲሆን በተለይ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሐረርን ከገዛው ከአሚር ኑር ስም ጋር ይያያዛል። ውስጡ 82 መስጊዶችና 102 የወሊዮች መዘየሪያ ቦታዎች አሉ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት የመዘገበውም ይህንን ነው። የጃሚዕ መስጊድን ሁለት ሚናራዎች መጀመሪያ ፈልግ። ከእነሱ ተነስተህ ፈረስ መጋላ የሚባለውን አደባባይና የመድኃኔዓለምን ቤተ ክርስቲያን ታገኛለህ። ከዚያ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ድሬዳዋ መውጫ፣ አዲሱ ከተማ በሰፊ መንገድ ተዘርግቶ ይቀጥላል።

ፎቶ ለሚያነሳ ሰው አንድ ነገር ልንገር። ከጥቅምት እስከ የካቲት ፀሐይ በስተደቡብ አዘንብላ ነው የምትዞረው። ሐረርን ከሐኪም ጋራ ስታይ ደግሞ ፊትህ ወደ ሰሜን ነው። ስለዚህ ብርሃኑ ቀኑን ሙሉ ከጀርባህ ይመጣል፣ ከተማዋም ፊቷ በርቶ ትታያለች። በሰኔ ይህ አይሠራም። ሰማዩ በደንብ ከጠራ በስተምሥራቅ ራቅ ብሎ አናቱ ጠፍጣፋ የሆነው ቁንዱዶ ይታያል፤ የዱር ፈረሶች ያሉበት ተራራ።

ሰው ይዞት የሚወጣው ነገር ብዙ አይደለም። ሳንቡሳ በጋዜጣ፣ ውኃ፣ ብርቱካን። እኔ የምመርጠው በፔርሙስ ሆጃ ነው። ሆጃ የቡና ገለፈት ከወተት ጋር ተፈልቶ፣ ጨው ጣል ተደርጎበት የሚጠጣ የሐረር መጠጥ ነው። ስኳር የለመደ ሰው በመጀመሪያው ጉንጭ ፊቱን ያጨማድዳል። ዳገት ወጥቶ ላቡ የደረቀ ሰው ግን ጨው ያለበት ትኩስ ነገር ምን እንደሆነ ያውቀዋል።

ጋራው ግን ለሽርሽር ብቻ አይደለም። የአው ሐኪም መዘየሪያ ጫማ ተወልቆ የሚገባበት፣ ዕጣን የሚጨስበት ቦታ ነው። እንዲህ ያሉ ቦታዎችን የሚጠብቅ ሰው ሙሪድ ይባላል። ዙሪያውን ሙዚቃ ከፍቶ መቀመጥ፣ ሳይጠይቁ ፎቶ ማንሳት አይወደድም። ስለ ጋራው ከሚነገረው ሁሉ ትልቁ ታሪክም ከወሊዮች ጋር የተያያዘ ነው። በጥንት ዘመን ክፉ ረሀብ ገባ ይላሉ። ጅቦች የሚበሉት አጥተው ሰው መብላት ጀመሩ። የከተማዋ ወሊዮች ሐኪም ጋራ ላይ ወጥተው መከሩ። ምክሩ ጅቡን ግደሉት አልነበረም፤ ገንፎ አብሉት የሚል ነበር። ጅቦቹም ገንፎውን በሉ፣ ሰውን ተዉ።

ይህ ስምምነት ዛሬም ይታደሳል። በዓሹራ፣ ማለትም በሙሐረም ወር 10ኛው ቀን፣ ቅቤ የፈሰሰበት ገንፎ ለጅብ ይቀርባል። ከግማሽ በላይ ከበላ ዓመቱ የጥጋብ ነው ይባላል። ካልነካው ሰዉ ይጨነቃል። ማታ ማታ ከግንቡ ውጭ ለቱሪስት የሚታየው ሥጋ በእንጨት ማጉረስ ዝናው ዓለም ላይ ደርሷል፤ ታሪኩ ግን ከገንፎው ጋር ሲነጻጸር የትናንት ነው። ለጅብ ቦታ መስጠቱ ግንቡ ላይም ይታያል። ከታች ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉት፤ ወራባ ኑዱል ይባላሉ፣ የጅብ ቀዳዳ ማለት ነው። በሌሊት ጅቡ በዚያ ገብቶ የጁገልን ቆሻሻ ይጠርጋል። ሐረሪዎች እንዲያውም ለጅብ «ደርማ ሼኽ» የሚል የአክብሮት ስም አላቸው።

ቀን ቀን ከእነዚህ ጅቦች ብዙዎቹ የሚተኙት ከከተማ ውጭ ባሉ ዋሻዎችና ቁጥቋጦዎች ውስጥ ነው፤ ሐኪም ጋራም አንዱ ማደሪያቸው ነው። ስለዚህ መውረጃ ሰዓቱን የሚወስነው ሰው አይደለም። ያን የመስከረም ቀን በፌስታል የታሰረ ጫማዬን እየጎተትኩ ስወርድ መሸብኝ። የመግሪብ አዛን ከታች ከብዙ መስጊድ ተደራርቦ ተሰማ። አንድ ገበሬ በሬውን እየነዳ ደረሰብኝና እጁን ወደ ከተማው ዘረጋ፣ ቶሎ ቶሎ በል ዓይነት። ዳገቱ ሥር ስደርስ ዞር ብዬ አየሁ። እኔ በወረድኩበት መንገድ ሁለት ጅቦች ተከታትለው፣ ምንም ሳይቸኩሉ፣ ወደ ከተማ እየወረዱ ነበር።