የጤና ባለሙያዎች የጋራ ትምህርት ምንድን ነው?

በ2005 በእንግሊዝ አገር አንዲት የ37 ዓመት እናት ለቀላል የሳይነስ ቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ገባች። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የሰመመን መድኃኒት እንደተሰጣት መተንፈሻዋ ተዘጋ። ልምድ ያካበቱ ሦስት ሐኪሞች በአፏ በኩል ቱቦ ለማስገባት እየተቀባበሉ ታገሉ። በደሟ ውስጥ ያለው ኦክስጅን 40 በመቶና ከዚያ በታች ወርዶ 20 ደቂቃ ያህል እዚያው ቆየ። አንዲት ነርስ አንገት ተከፍቶ አየር የሚሰጥበትን መሣሪያ አምጥታ ዝግጁ መሆኑን ተናገረች፤ ሰሚ አላገኘችም። ሌላዋ በፅኑ ሕሙማን ክፍል አልጋ አስይዛ መጣች፤ ሐኪሞቹ «ይህን ያህል ምን አስቸኮለሽ» በሚል ዓይን ሲያዩዋት ተመልሳ አልጋውን አሰረዘች። እናቲቱ ከ13 ቀናት በኋላ አረፈች። በኋላ በተደረገው ምርመራ ሁለት ነርሶች መደረግ የነበረበትን ጠንቅቀው ያውቁ እንደነበር፣ ግን ነገሩን ከየት ጀምረው እንደሚያነሡት ጨንቋቸው እንደቀረ ተናገሩ።

በዚያ ክፍል ዕውቀት አልጎደለም፤ መሣሪያም አልጎደለም። የጎደለው ከነርሷ አፍ እስከ ሐኪሙ ጆሮ ያለው መንገድ ነው። የጤና ባለሙያዎች የጋራ ትምህርት የሚባለው፣ ባለሙያዎቹ ገና ተማሪ ሳሉ ያንን መንገድ ለመጥረግ የሚሰጥ ሥልጠና ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 ባወጣው ማዕቀፍ የሰጠው ፍች ወደ አማርኛ ሲመጣ በሦስት ነገር ላይ ይቆማል፦ ከሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሙያ የመጡ ተማሪዎች አንዱ ስለሌላው፣ አንዱ ከሌላው፣ አንዱ ከሌላው ጋር ሲማሩ። ሦስቱም ካልተሟሉ ነገሩ የለም። የሕክምና፣ የነርስነትና የፋርማሲ ተማሪዎችን በአንድ ትልቅ አዳራሽ አስቀምጦ የሰውነት አካላትን ማስተማር የወንበር ቁጠባ እንጂ የጋራ ትምህርት አይደለም። እንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ የፋርማሲው ተማሪ ከሕክምናው ተማሪ የሚማረው ነገር የለም፤ ሁለቱም የሚማሩት ከመምህሩ ነው። አንድ በሽተኛ መሐል ተቀምጦ አንዱ ምርመራውን፣ ሌላው የመድኃኒቶቹን መጋጨት፣ ሦስተኛዋ ሌሊቱን እንዴት እንዳደረ ሲያወሩለት፣ እርስ በርስም ሲተራረሙ ግን ትምህርቱ ተጀመረ ማለት ነው።

ስለ ኅብረት ሲወራ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ማለት ይቀናናል። ለዚህ ጉዳይ ግን ተረቱ ልክ የሚሆን አይመስለኝም። ድሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ኃይሉ ከብዛቱ የመጣ ነው። በአንድ ዋርድ ያሉ ሰዎች ግን የሚያዩት የተለያየ ነው። ሐኪሙ በራውንድ ሰዓት ጥቂት ደቂቃ ያያል፤ ነርሷ ሌሊቱን ሙሉ ታያለች፤ የላቦራቶሪ ባለሙያው በሽተኛውን ሳያይ ደሙን ያያል። ጥቅሙ ያለው ከዚህ ልዩነት ላይ ነው፤ ልዩነቱ ካልተነገረ ደግሞ የለም ያህል ነው። ወደ ሥራው የሚቀርብልኝ ሌላው ተረት ነው፦ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ»።

የባሕርይ ሳይንስ ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት የሚገባው በዚህ በር ነው። ሰው የሚያውቀውን ለምን አያደርግም? በ1966 በአሜሪካ የታተመ አንድ ሙከራ ይህን ጥያቄ በጭካኔ አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ በሆስፒታል ተረኛ ለሆኑ 22 ነርሶች፣ ለእያንዳንዳቸው ለየብቻ፣ ስልክ አስደወሉ። ደዋዩ ዶክተር ነኝ ይላል፤ ነርሷ አታውቀውም። «አስትሮተን የሚባለውን መድኃኒት 20 ሚሊግራም ለእገሌ ስጪልኝ፤ ማዘዣውን መጥቼ እፈርማለሁ» ይላታል። በብልቃጡ ላይ በቀን ከ10 ሚሊግራም እንዳያልፍ ተጽፏል። መድኃኒቱ በዋርዱ ከተፈቀዱት መካከል አልነበረም፤ በስልክ ማዘዝም ክልክል ነበር። ከ22ቱ 21ዱ ለመስጠት መንገድ ጀመሩ፤ የተደበቀ ታዛቢ ወጥቶ አስቆማቸው። (ክኒኑ ጉዳት የሌለው ነበር። ዛሬ እንዲህ ያለ ጥናት የሥነ ምግባር ኮሚቴ የሚያሳልፈው አይመስለኝም።) የሙከራው እሾህ ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው፤ ነገሩ በወረቀት ተጽፎ ምን ታደርጋላችሁ ተብለው የተጠየቁ 21 የነርስነት ተማሪዎች በሙሉ «አንሰጥም» ብለው ነበር።

በወረቀት ላይ ሁሉም ደፋር ነው። ስለዚህ «ስሕተት ስታዩ ተናገሩ» ብሎ ማስተማር ብቻውን ብዙም አይፈይድም፤ መልሱን ማንም ያውቀዋል፤ ፈተናም ያልፍበታል። በ1977 ሌሎች ተመራማሪዎች ሙከራውን በመጠኑ ለውጠው ደገሙት፤ መድኃኒቱ ነርሶቹ የሚያውቁት ሆነ፤ ከባልደረባ ጋር መማከርም ተፈቀደ። በዚህኛው ከ18ቱ ለመስጠት የተዘጋጁት ሁለቱ ብቻ ነበሩ። የነርሶቹ ልብ በ11 ዓመት ውስጥ የጀገነ አይመስለኝም፤ የተለወጠው ዙሪያቸው ነው። የባሕርይ ሳይንስ ለሕክምና መምህራን ከነገራቸው ሁሉ ይህን እመርጣለሁ፤ ድፍረትን ከሰው ልብ ከመጠበቅ ሁኔታውን ማስተካከል ይቀላል።

ኤሚ ኤድመንድሰን የተባለች የሃርቫርድ ተመራማሪ በ1990ዎቹ በሆስፒታሎች የመድኃኒት አሰጣጥ ስሕተትን ስታጠና ያልጠበቀችው ነገር ገጠማት። በደንብ የሚመሩና የሚስማሙ ቡድኖች ስሕተታቸው ያንሳል ብላ ነበር፤ መዝገቡ ያሳየው ግን የተመዘገበባቸው ስሕተት የበለጠ መሆኑን ነው። ቀረብ ብላ ስታየው፣ እነዚያ ቡድኖች ስሕተትን ሳይፈሩ ይነጋገሩበት ነበር፤ በሌሎቹ ዘንድ ይደበቃል። «ሥነ ልቦናዊ ደኅንነት» የሚለው ሐሳብ፣ ማለትም ስሕተትንና ሥጋትን ሳይፈሩ መናገር የሚቻልበት ሁኔታ፣ በስፋት የታወቀው ከዚህ ሥራ በኋላ ነው። ስሕተት የተመዘገበበት ሁሉ ደመወዙ በሚቆረጥበት ቦታ መዝገቡ ንጹሕ ይሆናል፤ ንጽሕናው ግን የሚያስደስት አይደለም።

የቀዶ ሕክምና ማረጋገጫ ዝርዝርም ከዚሁ ጎራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ይህ ባለ 19 ነጥብ ወረቀት በስምንት ከተሞች ባሉ ሆስፒታሎች ሲሞከር (ከእነዚህ አንዷ የታንዛኒያዋ ኢፋካራ ናት)፣ የሞት መጠን ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጣ ችግር ደግሞ ከ11 በመቶ ወደ 7 በመቶ መውረዱ በ2009 ታተመ። ከነጥቦቹ አንዱ ምላጭ ቆዳ ከመንካቱ በፊት በክፍሉ ያለው ሁሉ ስሙንና የሥራ ድርሻውን እንዲናገር ያዛል። ትንሽ ነገር ይመስላል። «ዶክተር» እና «ሲስተር» እየተባባሉ ወር አብሮ መሥራትና የራስን ስም ሳይጠሩ መለያየት ለሚታወቅበት ቤት ግን ትንሽ አይደለም። አንድ ጊዜ ድምፁን ያሰማ ሰው ሁለተኛውን ለመናገር ይቀለዋል ተብሎ ይታሰባል። በካናዳ ኦንታሪዮ ግዛት 101 ሆስፒታሎች ዝርዝሩን ተግባራዊ አድርገው ውጤቱ ሲጠና ግን በ2014 የታተመው ጽሑፍ ያን ያህል ለውጥ አላገኘም። ለምን የሚለው አከራክሯል። እኔ የምጠረጥረው ወረቀቱ ደርሶ ንግግሩ መቅረቱን ነው፤ ራይት ምልክት ማድረግ ማንንም አያስፈራም።

ነገሩን ከውጭ የመጣ ፋሽን አድርገን እንዳናየው የጎንደርን ታሪክ ማንሣት ይገባል። በደንቢያ የተነሣው ከባድ የወባ ወረርሽኝ አንዱ ምክንያት ሆኖ በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ ጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን በአንድ ግቢ ያሠለጥን ነበር። ተማሪዎቹ በቡድን ሆነው እንደ ቆላ ድባ ወዳሉ የገጠር ጤና ጣቢያዎች ይወጣሉ፤ አንዱ በሽተኛ ሲያይ፣ ሌላዋ ወላድ ስትጎበኝ፣ ሦስተኛው ምንጭ ሲያጎለብትና መጸዳጃ ሲያስቆፍር፣ የሚያክሙት አንድ ሕዝብ ነው። ተመርቀው ሲመደቡም ጤና ጣቢያውን የሚይዙት እነዚሁ ሦስት ሙያዎች ነበሩ። በዘርፉ በፈር ቀዳጅነት የሚጠቀሰው የስዊድኑ ሊንሾፒንግ ዩኒቨርሲቲ ይህን ትምህርት የጀመረው በ1986 ነው። በ1983 የተመሠረተው የጅማ ጤና ሳይንስ ተቋምም የቡድን ሥልጠናን የትምህርቱ አካል አድርጎታል። አብሮ መውጣቱ ግን የመንገዱ ግማሽ ብቻ ነው፤ ቡድኑ ውስጥ ማን ማንን መቃወም እንደሚችል በይፋ ካልተለማመዱት፣ ማዕረግ ጓዙን ጠቅልሎ አብሮ ጤና ጣቢያ ይወርዳል።

የዚህ ትምህርት ተቺዎችም መልስ የሚሻ ነገር አላቸው። በ2013 የወጣ አንድ ሰፊ የጥናቶች ግምገማ ጠንከር ያሉ ሆነው ያገኛቸው 15 ብቻ ነበሩ፤ ከእነሱም አጠቃላይ ድምዳሜ ለመስጠት አልደፈረም። ተማሪዎች ትምህርቱን እንደሚወዱት ብዙ ተጽፏል፤ በሽተኛው ምን አተረፈ የሚለው ገና ሳሳ ያለ ነው። የሁለት ፋኩልቲ የክፍለ ጊዜ ሠሌዳ ማስማማት ደግሞ፣ የሞከረው ያውቀዋል፣ ከቀዶ ሕክምና ይከብዳል።

ልምምዱ በቅርብ ሲታይ ምን ይመስላል? የአሜሪካ የጤና ተቋማት ከ2006 ጀምሮ በሚጠቀሙበት አንድ ሥልጠና ተማሪው በሦስት ደረጃ እንዲናገር ይለማመዳል፦ መጀመሪያ ሥጋቱን፣ ቀጥሎ እንዳልተዋጠለት፣ በመጨረሻም የበሽተኛው ደኅንነት አደጋ ላይ መሆኑን። ወደ እኛ ቋንቋ ሲመጣ ብዙ ሰው «አማርኛ አንቱታ አለበት፤ ታላቅን ፊት ለፊት መናገር ነውር ነው» ይላል። እኔ ጥፋቱን አንቱታው ላይ አልጥለውም። ጥፋቱ «ምናልባት... አንድ ጊዜ ቢታይ ምን ይመስልዎታል?» የሚለው ነው፤ ከዚህ ውስጥ አስቸኳይ ነገር አለ ብሎ ማን ይሰማል? ያንኑ የአክብሮት ቋንቋ ይዞ እንዲህ ማለት ይቻላል፤ ተማሪዎቹም በአሻንጉሊት በሽተኛ ዙሪያ ቆመው፣ ሐኪም የሆነው ጀርባውን ሰጥቶ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ደጋግመው ይሉታል፦ «ዶክተር፣ ኦክስጅኑ አርባ ገብቷል። አንገት መክፈቻው እጄ ላይ ነው። ይቀበሉኝ።»