«ስንት ዙም አለው?» እና ሌሎች ጀማሪን የሚያሳስቱ አባባሎች

አዲስ ካሜራ ይዞ ወደ ትምህርት ክፍሌ የሚመጣ ጀማሪ አስቀድሞ የሚነግረኝ የዙሙን ቁጥር ነው። «ሰማንያ ሦስት ጊዜ ያቀርባል» ይለኛል። ሻጩ የነገረው ይህንኑ ነው፤ ካሜራውን ከዱባይ የላከለት ወንድሙም የመረጠለት በዚሁ ቁጥር ነው። ይህን ቁጥር መስማት ሰልችቶኛል። ስንቱ ትጉህ ጀማሪ በዚህ ቁጥር ተማምኖ የመጀመሪያ ዓመቱን በደበዘዙ ፎቶዎች ሲጨርስ እያየሁ ዝም ማለትም አልችልም።

ብሪጅ ካሜራ የሚባለው በኪስ በሚያዘው ትንሽ ካሜራና ሌንሱ በሚቀያየረው ትልቅ ካሜራ መካከል ያለው ነው። ቅርጹ ትልቁን ይመስላል፤ ሌንሱ ግን አይነቀልም። ለጀማሪ መልካም ምርጫ ነው። የሚያሳስተው ስለ እሱ የሚወራው ነው።

«ዙሙ የበዛ ካሜራ የተሻለ ካሜራ ነው።»

አይደለም። ይህ ቁጥር የሌንሱ ረጅሙ የትኩረት ርዝመት (በሚሊሜትር የሚለካ፣ ሲረዝም ሩቁን የሚያቀርብ) ለአጭሩ ሲካፈል የሚገኝ ድርሻ ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ኒኮን ፒ900 የተባለ ብሪጅ ካሜራ፣ ሌንሶችን ለማነጻጸር በሚያገለግለው በ35 ሚሊሜትር ፊልም ስሌት፣ ከ24 እስከ 2000 ሚሊሜትር ይደርሳል፤ 2000 ለ24 ሲካፈል 83 ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ሶኒ አርኤክስ10 ማርክ 4 ከ24 እስከ 600 ነው፤ 25 ጊዜ ብቻ። ሻጩ የመጀመሪያውን ያሞግሳል። የሁለተኛው ሴንሰር (ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ የሚያደርገው ሰሌዳ) ግን በስፋት አራት እጥፍ ያህል ይበልጣል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ልዩነቱ በግልጽ ይታያል።

ያን ሁሉ ርዝመት በእጅ በሚያዝ አካል ውስጥ ማስገባት የተቻለው ሴንሰሩን በማሳነስ ነው። የፒ900 ሴንሰር ወርዱ 6 ሚሊሜትር፣ ቁመቱ 4.5 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ሙሉ ፍሬም የሚባለው ሴንሰር 36 በ24 ሚሊሜትር ስለሆነ በስፋት ሠላሳ እጥፍ ገደማ ይበልጠዋል። በዚህ ላይ ዙሙን በሳባችሁ ቁጥር ሌንሱ የሚያስገባው ብርሃን ይቀንሳል። የኤፍ ቁጥር የሌንሱ ቀዳዳ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። በሰፊው ጫፍ፣ ማለትም ዙሙ ሳይሳብ፣ ኤፍ 2.8 የነበረው በረጅሙ ጫፍ ኤፍ 6.5 ይሆናል፤ ይህም ብርሃኑ ከአምስት እጥፍ በላይ ቀነሰ ማለት ነው። ካሜራው ጉድለቱን ለመሙላት ወይ ሹተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ የሚወስነውን መዝጊያ) ያዘገያል ወይ አይኤስኦውን (ለብርሃን ያለውን ስሜት) ከፍ ያደርጋል። የመጀመሪያው ፎቶውን ያንቀጠቅጠዋል፤ ሁለተኛው በነጠብጣብ ይሞላዋል። በእጅ ለማንሳት የቆየው መመሪያ የሹተሩ ፍጥነት ከትኩረት ርዝመቱ እንዳያንስ ይላል፤ በ2000 ሚሊሜትር ሲሆን 1/2000 ሰከንድ ማለት ነው። የካሜራው መንቀጥቀጥ መከላከያ ብዙ ያግዛል፤ ነገር ግን የሚያረጋጋው የእናንተን እጅ እንጂ የሚራመደውን ሰው አይደለም።

አንዲት ተማሪዬ የጥምቀት ዕለት ጃንሜዳ ዳር ቆማ ካህናቱን ከሩቅ አነሳቻቸው። ካሜራው ምንም እንከን የለበትም፤ ፎቶዎቹ ግን ሁሉም ፈዘዋል። ያፈዘዛቸው በጥር ቀትር ላይ በእሷና በካህናቱ መካከል የነበረው አቧራና ከመሬት የሚነሳ የጋለ አየር ነው። ያንን አየር የሚቀንሰው ወደፊት መራመድ ብቻ ነው። በማግስቱ የሚካኤል ታቦት ሲገባ ሕዝቡ መሐል ገብታ፣ ዙሙን ሳትነካ፣ ከበሮ መቺውን ከሁለት ሜትር አነሳችው። የእጁ ጅማት ሳይቀር ይቆጠራል።

እዚህ ላይ ከቴክኒኩ የሚበልጥ ነገር አለ። ከመንገድ ማዶ ሆኖ ሳያውቁ የሚነሱ እናት ፊታቸው ወደ እናንተ አይደለም፤ ፎቶውም ይህንን ይናገራል። ቀርባችሁ ሰላም በሉ። «እናቴ፣ ፎቶ ላንሳዎት?» ብላችሁ ጠይቁ። እምቢ ካሉ አመስግናችሁ እለፉ። እሺ ካሉ ግን ከሩቅ የማይገኝ ፊት ታገኛላችሁ። ዙም የዓይን አፋርነት መደበቂያ የሆነባቸው ብዙ ጎበዝ ልጆች አስተምሬአለሁ፤ የሚያሳዝነኝም ይህ ነው።

ታዲያ ዙሙ ጥቅም የለውም? አለው፣ በቦታው። ባሌ ሳነቲ ላይ፣ 4000 ሜትር ከፍታ ገደማ፣ ቀይ ቀበሮ አይጥ ሲያድን ልትጠጉት አይገባም፤ ቁጥሩ የተመናመነ እንስሳ ነው፤ አደኑንም ታበላሹበታላችሁ። እዚያ ረጅሙ ሌንስ ዋጋውን ያወጣል። አየሩ ሳይግል በማለዳ ሂዱ፤ ትንሽ ከረጢት ባቄላ ሞልታችሁ በመኪናው መስኮት ላይ አድርጉና ካሜራውን አስደግፉት። ስሜን ተራሮች ላይ ያለው ጭላዳ ግን ሰው ለምዷል። አስጎብኚው የሚፈቅደው ርቀት ላይ ቁጭ ብላችሁ ብትጠብቁ ሣሩን እየነጨ በአጠገባችሁ ያልፋል።

«ዲጂታል ዙምም ያው ዙም ነው።» ፎቶውን ቆርጦ ማተለቅ ነው። አጥፉት።

«ሜጋፒክስሉ ይብዛ።» 16 ሜጋፒክስል ኤ3 ወረቀት ላይ አጥርቶ ለማተም ይበቃል።

«ሲጨልም ፍላሽ ያድናል።» የካሜራው ፍላሽ ከጥቂት ሜትር አያልፍም። ከአዳራሽ ጀርባ ሆናችሁ መድረኩን ብታነሱ የሚበራው ከፊታችሁ የተቀመጠው ሰው ማጅራት ነው።

«የኤፍ ቁጥሩን ካሳነስኩ ጀርባው ይደበዝዛል።» ትልቅ ሴንሰር ላይ እውነት ነው። የእናንተ ካሜራ ግን በሰፊው ጫፍ ኤፍ 2.8 ላይ እንኳ የቅርቡንም የሩቁንም አጥርቶ ያወጣል፤ ትክክለኛው የሌንሱ ርዝመት እዚያ ላይ አራት ሚሊሜትር ከምናምን ብቻ ነውና (24 የሚለው የንጽጽር ስሌት ነው)። ጀርባው እንዲደበዝዝ ከፈለጋችሁ ዙሙን እስከ 135 ወይም 200 ሚሊሜትር ሳቡ፣ ሰውየውን ከግድግዳው አርቃችሁ አቁሙ፣ ፊቱ ፍሬሙን እስኪሞላ ቅረቡ።

«ኤም ላይ የማያነሳ ፎቶ አንሺ አይደለም።» ኤም ሁሉንም በእጅ የሚያስተካክሉበት ነው። ይህን የሚሉት ራሳቸው ትናንት የጀመሩ ናቸው። እኔ ሥራዬን በአብዛኛው የምሠራው ቀዳዳውን እኔ መርጬ ሹተሩን ለካሜራው በምተውበት «ኤ» ላይ ነው። ጀማሪ ሁለቱንም ለካሜራው በሚተወው «ፒ» ላይ ይጀምር፤ ከኤም ይልቅ ቀጥሎ የምነግራችሁን ይማር።

«ካሜራው ትክክለኛውን ብርሃን ያውቃል።» አያውቅም። የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ እንደሆነ ቆጥሮ ይለካል። ነጠላ የለበሰ ምእመን ፍሬሙን ሲሞላው ነጩን ሁሉ ወደ ግራጫ ያወርደዋል፤ የሰዎቹም ፊት አብሮ ይጨልማል። በበዓል ፎቶዎቻችን ላይ ፊት የሚጠቁረው በዚህ ምክንያት ነው እንጂ ካሜራው ርካሽ ስለሆነ አይደለም። የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ፈልጉና ወደ መደመር አንድ ውሰዱት። ፊቱ ይፈካል። የነጠላው ሽመና ጠፍቶ ነጭ ብቻ ከሆነ ትንሽ መልሱት። መስከረም 16 ማታ ደመራ ስታነሱ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ካሜራው ጨለማውን ሊያፈካ ሲል ነበልባሉን ያነጣዋል። ወደ መቀነስ አንድ ውሰዱት፣ አንድ አንሱ፣ ስክሪኑን እዩ፤ የእሳቱ ቢጫና ቀይ ካልተመለሰ ወደ መቀነስ ሁለት ውረዱ።